ላቦራቶሪውና ጎረቤቱ

በመንግሥት ገንዘብ የቆመ ላቦራቶሪ የማን ነው? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። የመንግሥት ነው የሚል አለ፤ የሊቃውንቱ ነው የሚልም አይጠፋም። እኛ ጥቂት የሳይንስና የሕግ ተማሪዎች በዚሁ ነገር ብዙ ማታ ስንከራከር ከሰነበትን በኋላ የደረስንበትን ሐሳብ ለጓደኞቻችን ለማካፈል ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። መልሳችን በአጭሩ ይህ ነው፤ ላቦራቶሪው የከፋዩ ነው፤ ከፋዩም ሕዝብ ነው። ነገር ግን የሕዝብ ነው ማለት በዓመት አንድ ቀን በሩን ከፍቶ ማስጎብኘት ብቻ አይደለም። ሕዝቡ ሲጠይቅ መልስ የሚያገኝበት፥ የሚያሰጋ ነገር ሲኖርም ሳይጠይቅ የሚነገረው ቤት ሲሆን ነው።

ይህን ለማስረዳት ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ እናመጣለን። ሩቅ የሄድነው የቅርብ ነገር አጥተን ሳይሆን ታሪኩ መልካሙንም ክፉውንም በአንድ ግቢ ውስጥ አጣምሮ ስለያዘ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከኒው ዮርክ ከተማ ወደ ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ፥ ሎንግ አይላንድ በምትባለው ደሴት ላይ አፕተን የሚባል ስፍራ ይገኛል። በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ጊዜ የጦር ሰፈር ነበር። ወታደሮቹ ከለቀቁት በኋላ በ1947 የብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ በዚያ ተቋቋመ። ዘጠኝ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ያቆሙት ማኅበር እንዲያስተዳድረው ተደረገ፤ ገንዘቡን የሚከፍለው ግን የአሜሪካ መንግሥት ነው። የተነሡበትም ሐሳብ ግልጽ ነበር። አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ሊገዛው የማይችለውን ታላቅ መሣሪያ መንግሥት ገዝቶ ያቆመዋል፤ ከየትምህርት ቤቱ የሚመጣ ተመራማሪም ተራውን ጠብቆ ይሠራበታል።

ከዚያ ግቢ የወጣው ፍሬ ብዙ ነው። በ1960 ሥራ በጀመረው የፕሮቶን ማፍጠኛ መሣሪያ የተደረጉ ምርምሮች በ1976፥ በ1980ና በ1988 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አስገኝተዋል። ይህስ የሊቃውንቱ ደስታ ነው ቢባል፥ ለሕመምተኛው የደረሰም አለ። ሐኪሞች የልብንና የአጥንትን ሁኔታ በምስል ለማየት የሚጠቀሙበትን ቴክኒሽየም የተባለ ጨረር ሰጪ ንጥረ ነገር በየሆስፒታሉ ለማግኘት የተቻለው፥ በ1950ዎቹ መጨረሻ የብሩክሄቨን ሰዎች በሠሩት አነስተኛ መሣሪያ ነው። በ1976ም በጨረር ምልክት የተደረገበት የስኳር ዓይነት በዚሁ ላቦራቶሪ ተዘጋጅቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ እንዲሞከር ወደ ፊላደልፊያ ተልኳል። ዛሬ ካንሰር በሰውነት ውስጥ የት እንዳለ ለማየት በብዙ አገር የሚሠራበት ይኸው ነው።

ብሩክሄቨን ጎረቤቶቹንም ጨርሶ አልረሳም ነበር። በየዓመቱ በመጸው ወራት የጉብኝት ቀን እያደረገ በሩን ለሕዝብ ይከፍት ነበር። በ1958 ዊሊያም ሂጊንቦታም የተባለ የፊዚክስ ሊቅ፥ የመሣሪያ ክፍሉ ኃላፊ፥ ጎብኚዎቹ ቆመው ብቻ የሚያዩት ነገር እንደሚያሰለቻቸው ተመለከተ። ይህ ሰው በጦርነቱ ጊዜ የመጀመሪያው አቶሚክ ቦምብ በተሠራበት በሎስ አላሞስ ሠርቶ፥ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የዚህ መሣሪያ መስፋፋት እንዲገታ ከታገሉት ሊቃውንት አንዱ ነበር። ከአንድ የሒሳብ ኮምፒዩተርና ኦሲሎስኮፕ ከሚባል የመለኪያ መሣሪያ ጋር ሽቦ አገናኝቶ የቴኒስ ጨዋታ አዘጋጀ። መስኮቷ ከእጅ መዳፍ ብዙም አትበልጥም። በመካከሏ መረብ የሚመስል አጭር መስመር አለ፤ ኳሷ አንዲት የብርሃን ነጥብ ናት። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ቁልፍ ይዘው እያዞሩና እየተጫኑ ይጋጠማሉ። በመቶ የሚቆጠር ሰው ተሰልፎ ተራውን ጠበቀ፤ ከሌላው ትርኢት ሁሉ ይልቅ ሕዝቡ ይህችን ወደደ። ሂጊንቦታም ግን የባለቤትነት መብት እንኳ አላወጣባትም። ኋላ ፈራርሳ ዕቃዋ ለሌላ ሥራ ዋለ። ዛሬ በኮምፒዩተር ጨዋታ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ስሟ ይነሣል።

ይህ መልካም ሥራ ነው፤ እኛም እናመሰግነዋለን። የአንድ አናጢ ወይም የአንድ ነጋዴ ልጅ የሊቃውንቱን መሣሪያ በእጁ ነክቶ ሲስቅ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም በዚያ ቀን ሰልፍ ይዞ ከቆመው ሕዝብ ውስጥ አንድ ሰው ወጥቶ «ከእግራችን በታች ያለው ውኃ እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ማን ይመልስለት ነበር? ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ ጠረጴዛ አልነበረም።

የሎንግ አይላንድ አፈር አሸዋማ ነው። ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ የሚሆነው የሁለቱ ምሥራቃዊ አውራጃዎች ሕዝብ የሚጠጣው ከዚያው አሸዋ ሥር የሚወጣውን ውኃ ነው፤ ሌላ ምንጭ የለውም። እንግዲህ መሬት ላይ የፈሰሰ ነገር ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ወደ መጠጡ የሚያመራ ነው። ላቦራቶሪውም ሆነ ከእሱ በፊት የነበረው የጦር ሰፈር ለዓመታት የጣሉት ኬሚካል ወደ ከርሰ ምድር ገብቶ ስለ ተገኘ፥ ግቢው በ1989 መንግሥት እንዲጸዱ ካዘዛቸው የተበከሉ ቦታዎች መዝገብ ገባ። በ1996 ደግሞ ከግቢው በስተ ደቡብ ለሚኖሩ በመቶ ለሚቆጠሩ ቤቶች፥ የራሳቸውን የጉድጓድ ውኃ ትተው የቧንቧ ውኃ በነፃ እንዲገባላቸው ተደረገ። ሕዝቡ ገና በዚህ ሲያጉረመርም ሌላ ወሬ መጣ።

በግቢው ውስጥ ከ1965 ጀምሮ የሚሠራ፥ ለምርምር የሚሆን የኒውትሮን ጨረር የሚያመነጭ ሪአክተር ነበር። ከሪአክተሩ የወጣው ነዳጅ የሚቀመጠው 260,000 ሊትር ያህል ውኃ በሚይዝ ገንዳ ውስጥ ነው። ገንዳው በውስጡ የብረት ሽፋን አልነበረውም። በጥር ወር 1997 በአጠገቡ ከተቆፈሩት መመርመሪያ ጉድጓዶች የተወሰደው ውኃ ትሪቲየም የተባለውን ጨረር ሰጪ ሃይድሮጅን ይዞ ተገኘ። ቀጥሎ በተደረገው ምርመራ በአንዳንድ ስፍራ ልኩ ለመጠጥ ውኃ ከተፈቀደው ከ30 እጥፍ በላይ ሆነ። ገንዳው የሚያፈስሰው በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ጀሪካን ለማይሞላ ውኃ ነበር። ይህን ያህል ትንሽ መሆኑ ሳይታወቅ ለማለፍ ረዳው፤ እስከ 12 ዓመት ድረስ ሳያቋርጥ ሲያፈስስ እንደ ቆየ ተገመተ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሊቃውንቱ ሕዝቡን ሰብስበው አስረዱ። ያሉትም ሐሰት አልነበረም። የከርሰ ምድር ውኃ በዝግታ እንደሚሄድ፥ ትሪቲየምም በየ12 ዓመቱ ግማሽ በግማሽ እየቀነሰ እንደሚሄድ፥ ስለዚህ ከግቢው አጥር ሳይወጣ ኃይሉ እንደሚደክም ተናገሩ። ከጎረቤቶቹ መጠጥ ጉድጓድም የደረሰ አልነበረም። ሕዝቡ ግን አልተረጋጋም። በገንዳው ዙሪያ የመመርመሪያ ጉድጓድ ይቆፈር የሚል ሐሳብ በላቦራቶሪው ውስጥ ከዓመታት በፊት ቀርቦ፥ ከሌላ ሥራ በኋላ ይደርሳል እየተባለ ሲጓተት እንደ ነበረ ተገለጠ። በግንቦት 1997 የኢነርጂ ሚኒስትሩ ፌዴሪኮ ፔኛ ላቦራቶሪውን ከተቋቋመበት ቀን ጀምሮ ለሃምሳ ዓመት ያስተዳደረውን ማኅበር ውል አፈረሱ። በኅዳር 1999 ደግሞ ተከታያቸው ቢል ሪቻርድሰን ሪአክተሩ ዳግመኛ እንዳይከፈት ወሰኑ። ለጥገና በ1996 መጨረሻ የተዘጋው ሪአክተር በዚያው ቀረ፤ ከብዙ ቦታ እየመጡ ይሠሩበት የነበሩ ተመራማሪዎችም ምርምራቸውን ይዘው ሌላ ደጅ መጥናት ግድ ሆነባቸው።

በእኛ መካከል ትልቁ ክርክር የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ከጓደኞቻችን ወገን አንዱ፥ «ያልተማረ ፍርሃት ሳይንስን አሸነፈ። ቁጥሩን ለሚያውቅ ሰው አደጋ አልነበረም። ሕዝብ በሚጮኽበት ሁሉ ሪአክተር የሚዘጋ ከሆነ ነገ ማን ይመራመራል?» ሲል ተከራከረ። ነገሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እውነትም የጠፋው ዕውቀት የአሜሪካ ብቻ አልነበረም። ሌላዪቱ ጓደኛችን ግን እንዲህ ስትል መለሰች፤ «ሕዝቡ የለካው ትሪቲየሙን አይደለም፤ ዝምታውን ነው። 12 ዓመት ያላየ ሰው ዛሬ አየሁ፥ አደጋ የለም ቢል፥ ያ ሰው ሊቅ ቢሆንም ቃሉን በምን እናምነዋለን?»

ከብዙ ክርክር በኋላ ብዙዎቻችን ወደ ሁለተኛዪቱ አሳብ አዘነበልን። ቁጥር ብቻውን እምነት አያመጣም። ቁጥሩን የሚናገረው ሰው ከዚያ በፊት ክፉውንም ደጉንም ሲናገር የተሰማ ከሆነ ግን ቁጥሩ ይታመናል። ብሩክሄቨን ለአርባ ዓመት ያህል ለጎረቤቱ መልካም መልካሙን አሳይቶ ነበር፤ ክፉውን መናገር የተማረው ግን ክፉው ከደረሰ በኋላ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ በችግር ቀን የተጀመረ ወዳጅነት በችግሩ ቀን አልጸናም።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም፤ ለእኛም ትልቁ ትምህርት ያለው በመጨረሻው ላይ ነው። በ1998 አዲስ አስተዳደር ከገባ በኋላ ከአካባቢው ማኅበራት፥ ከተፈጥሮ ጥበቃ ወገኖች፥ ከነጋዴዎች፥ ከትምህርት ቤቶችና ከሠራተኞች የተውጣጣ የሕዝብ አማካሪ ሸንጎ ተቋቋመ። በሸንጎው ላቦራቶሪውን አጥብቀው የሚቃወሙት ሰዎች ጭምር ወንበር ተሰጣቸው። ላቦራቶሪው ስለ ጽዳቱ ሊያደርግ ያሰበውን ከመወሰኑ በፊት ለሸንጎው ያቀርባል፤ ሸንጎው ይጠይቃል፥ ይከራከራል፥ ምክሩን ይሰጣል። አስማተኛ ነገር የለበትም። አንድ ሰው የጎረቤቱን ድንበር የሚነካ አጥር ከማጠሩ በፊት ጎረቤቱን ጠርቶ እንደሚያማክረው ያለ ነው። ይህን ደግሞ ሳይማር የሚያውቀው የአገራችን ገበሬ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ አንድ የገጠመንን እንናገር። ባለፈው ዓመት አሥራ ሁለት ሆነን አንድ የመንግሥት ምርምር ተቋም ለመጎብኘት ሄደን ነበር። ስሙን አንጠራም፤ ዓላማችን መክሰስ አይደለምና። በክብር ተቀበሉን፤ መሣሪያዎቹን በመስታወት በኩል አሳዩን፤ ሻይም አጠጡን። ስንወጣ ከአጥሩ ሥር ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት ጠሩንና፥ «ልጆቼ፥ እናንተ ገብታችኋልና ንገሩኝ፤ ከዚህ ቱቦ የሚወርደው ውኃ ለከብት ይሆናል ወይ? እኔ አሥር ዓመት እዚህ ስቀመጥ የነገረኝ ሰው የለም» አሉን። «ጠይቀን እንነግርዎታለን፥ እማማ» ብለን ተመልሰን ገባን። ያስጎበኘን ሰው ትሑት ነበር፤ ነገር ግን ጥያቄያችን እንደ ገረመው ከፊቱ ያስታውቃል። «በጽሑፍ ይቅረብ» አለን። በጽሑፍ አቀረብን። ሦስት ወር ጠብቀን መልስ ስናጣ ሄደን ለእማማ መልስ አለመምጣቱን ነገርናቸው። እሳቸውም አልተቆጡም። «እንግዲያስ ከብቶቹን ከላይ አጠጣለሁ» አሉ።

ውኃው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ንጹሕ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ንጹሕ መሆኑን የሚናገር አንድ ወረቀት በበሩ ላይ ቢለጠፍ ኖሮ አንዲት እናት ለአሥር ዓመት ባልተጠራጠሩ ነበር። ነገ ያ ተቋም ለአዲስ ክትባት ወይም ለአዲስ ዘር የሰፈሩን ሰው ትብብር ቢጠይቅ ማን ፈጥኖ እሺ ይለዋል?

አንዳንዶች ሕዝብን መስማት ለሳይንስ የሚከፈል ግብር ይመስላቸዋል፤ ሥራን የሚያዘገይ፥ ግን ለሰላም ሲባል የሚደረግ። የአገራችን የምርምር ታሪክ ግን መስማት ራሱ የሳይንስ ሥራ መሆኑን ያሳያል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲያጠኑ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ወንዙ ውስጥ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እናቶቻችን እንዶድን ለልብስ ማጠቢያ ሲጠቀሙበት ከኖሩ ዘመን አይቆጠርም። ሊቁ ያዩትን ወደ ላቦራቶሪ ወስደው መረመሩ፤ በ1966ም ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ምርምር ተቋም በዚሁ በዩኒቨርሲቲያችን መሠረቱ። በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ስለ እንዶድ በሠሩት ሥራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙ። ከወንዙ ዳር ባይወርዱ ኖሮ ይህ ሁሉ አይገኝም ነበር።

ሌላም አለ። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የሚሠሩ ባለሙያዎች ዱከም የተባለ ብዙ ምርት የሚሰጥ የጤፍ ዘር አውጥተው ነበር። በመስክ ሲለካ መልካም ነው። ገበሬው ግን እንደ ታሰበው አልተቀበለውም፤ መልኩ እንደ ማኛ ነጭ ስላልሆነ በገበያ ዋጋ አያወጣም። ባለሙያዎቹ «ገበሬው አልገባውም» ብለው ቢተዉት ቀላል ነበር። እነሱ ግን የገበሬውን ቃል እንደ መለኪያ ቆጥረው ዱከምን ነጭ ፍሬ ካለው ከማኛ ዘር ጋር አዳቀሉት። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ናት፤ የምትከፈተውም ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ስለ ሆነ ማዳቀሉ ዓይንና ትዕግሥት የሚፈጅ ሥራ ነው። በ2006 ቁንጮ የተባለው ዘር ወጣ፤ ገበሬውም እየተቀባበለ ዘራው። ሁለቱም ዘሮች በአንድ ማዕከል የተገኙ ናቸው። ቁንጮን ከዱከም የለየው የገዢና የሻጭ ዓይን በምርምሩ ውስጥ መግባቱ ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ ላቦራቶሪ ሁሉ ከግቢው የሚወጣውን ውኃና ጭስ ለክቶ፥ የለካውን በአካባቢው ሰው ቋንቋ ጽፎ በበሩ ይለጥፍ፤ ውጤቱ መልካም ያልሆነ ዕለትም ይለጥፍ። ከጎረቤቶቹ የተመረጡ፥ ጠይቀው በተወሰነ ጊዜ መልስ የሚያገኙ ሰዎች ያሉበት ጉባኤ ይኑረው። የጉብኝት ቀንም አይቅር፤ ልጆች ይምጡ፥ ይንኩ፥ ይሳቁ። ነገር ግን ከጨዋታው አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ይቀመጥ፤ በዚያም ማንኛውም ሰው የፈለገውን የሚጠይቀው፥ ለመመለስ ሥልጣን ያለው ሰው ይቀመጥበት።

ለሌላው ይህን ያህል ካልን ለራሳችን ምን እንበል? እኛም በየዓመቱ ለመመረቂያ ጽሑፍ እያልን ወደ ገጠር እንወርዳለን። የገበሬውን አፈር በከረጢት፥ የልጆቹን ደም በብልቃጥ፥ የሽማግሌውን ቃል በደብተር ይዘን እንመለሳለን። ጽሑፉ ይታሰራል፤ ማርክ ይሰጥበታል፤ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ደሙን የሰጠው ልጅ አባት ምን እንደ ተገኘበት ሳይሰማ ይቀራል። ስለዚህ ይህ ማኅበራችን በሚቀጥለው ስብሰባው አንድ ውሳኔ እንዲያሳልፍ እንጠይቃለን፤ ማንኛውም ተመራቂ ከጽሑፉ ጋር አንድ ገጽ በሰፈሩ ቋንቋ አዘጋጅቶ፥ ጥናቱን ላደረገበት ቀበሌ መልሶ ያድርስ፤ ማንበብ ለማይችለውም ቆሞ ያንብብለት። ወረቀቱንና የማባዣውን ወጪ ማኅበሩ ይቻል።

አንዳንዶቻችን ከጥቂት ዓመት በኋላ ነጭ ካፖርት ለብሰን በእነዚያ ግቢዎች ውስጥ እንቀመጣለን። ያን ጊዜ አንዲት እናት በአጥሩ በኩል ስለ ቱቦው ውኃ ቢጠይቁን «በጽሑፍ ይቅረብ» እንዳንል፥ መልስ መስጠቱን ከአሁኑ በዚህች አንድ ገጽ እንልመድ።